አራት ተኩል ዲግሪ ወደ ሰሜን

ከቦሌ የተነሣነው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ጥር ስለሆነ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ብርዱ ግን ከአውቶቡሱ ወርደን የአውሮፕላኑን ደረጃ እስክንይዝ ጆሮ ይቆነጥጣል። አውሮፕላኑ ኪው 400 የሚባለው ባለ ፕሮፔለር ነው። በእያንዳንዱ ሞተር ላይ ስድስት ምላጭ አለው፤ ክንፉም ከመስኮቱ በላይ ስለተሰካ ከታች ያለው አገር ሳይጋረድ ይታያል። ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ለሚጓዝ ሰው ከዚህ የሚሻል አውሮፕላን አላውቅም። በቀኝ በኩል የመስኮት ወንበር ለምኜ የወሰድኩትም ለዚሁ ብዬ ነው።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን ተከናንበው መቁጠሪያቸውን በጣታቸው ጠምጥመዋል። ቀበቷቸውን እንዲያስሩ ሳግዛቸው መርቀውኝ ሲያበቁ፣ ትግርኛ በቀላቀለ አማርኛ "ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ወደይ?" አሉኝ።

"አንድ ሰዓት ከምናምን ነው፣ እናቴ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ለእኔ አንድ ጊዜ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ፈጅቶብኛል።"

ነገሩን ያጫወቱኝ አውሮፕላኑ ወደ መንደርደሪያው ሲያዘግም ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ዓይናቸውን ለመታከም ለሁለት ሳምንት ብለው አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ መጡ። ጥቅምት 24 የትግራዩ ጦርነት ተነሣ። ተቋርጦ የነበረው በረራ መሀል ላይ ተጀምሮ ሳለ ፈሩ፤ እደፍራለሁ ሲሉ ተዘጋ። ቤታቸው የገቡት በጥር 2015 ዓ.ም. ነው። ባለቤታቸው ማረፋቸውን የሰሙት ስልክ ሲከፈት ነበር። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ መቁጠሪያው ግን ቆመ። እኔም ደብተሬን ከፍቼ በዚያ ገጽ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኩት ቁጥር የእርሳቸው ሆነ፤ ሁለት ዓመት ከአራት ወር።

የእኔ ስሌት ቀላል ነበር። ቦሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛል። የመቐለው አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ 13 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ነው። መካከላቸው አራት ተኩል ዲግሪ አለ ማለት ነው። አንዱ ዲግሪ 111 ኪሎሜትር ስለሚሆን ወደ 500 ይመጣል፤ መቐለ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ትላለችና ያ ሲታከልበት በቀጥታ መስመር 505 ኪሎሜትር አካባቢ ነው። በአስፋልት የሄደ ግን 780 ኪሎሜትር ያህል ይነዳል። ትርፉ 275 ኪሎሜትር ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት፣ ጥምዝምዝና ገደል መዞሪያ ነው።

ኪው 400 ሙሉ ፍጥነቱን ሲይዝ በሰዓት ወደ 650 ኪሎሜትር ይጓዛል። እንዲያ ከሆነ 505 ኪሎሜትር በ47 ደቂቃ ማለቅ ነበረበት። ቲኬቱ ላይ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ተጽፏል። ምክንያቱ እዚያ ላይ የሚጻፈው ጊዜ አውሮፕላኑ ከመቆሚያው ከሚነቃነቅበት ደቂቃ ጀምሮ በመድረሻው እስከሚቆምበት ድረስ ያለው ነው። የቦሌ መንደርደሪያዎች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጉ በመሆናቸው ወደ ሰሜን የሚሄደው ሁሉ መጀመሪያ ወደ ጎን ተነሥቶ ኋላ ይዞራል። ሽቅብ ሲወጣም ፍጥነቱ ገና ነው፤ ለማረፍ ደግሞ ከሩቁ ዝቅ ማለት ይጀምራል። በዚያ ላይ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ መቐለም ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያሉ ናቸው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ስለሆነ ክንፍም ሞተርም የሚይዙት አየር ያንሳቸዋል፤ ለዚህ ነው የደጋ አገር መንደርደሪያ የሚረዝመው። የመቐለው 3,600 ሜትር ገደማ ነው።

በእኔ ሰዓት ጎማው ቦሌን ከለቀቀበት መቐለን እስከነካበት 58 ደቂቃ ሆነ። ለዚህ 58 ደቂቃ የተነሣሁት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው።

ፀሐይዋ በቀኝ ስለሆነች መጀመሪያ ዓይን ትወጋለች። ጥቂት ከፍ ሲባል ግን የሰሜን ሸዋ ደልዳላ መሬት ከታች ተነጠፈ፤ እህሉ ታጭዶ አውድማው ላይ የጭድ ክምር ብቻ ቀርቷል። ከዚያ መሬቱ በድንገት ይሰነጠቃል። የጀማ ወንዝ ገደል ነው፣ ቀጥሎም የወንጪት። ከላይ ሆኖ ለሚያይ የአርሶ አደሩ ማሳ እስከ ገደሉ አፍ ድረስ ይደርስና ያቆማል፤ ከማዶ ደግሞ ሌላ ማሳ በዚያው ከፍታ ይቀጥላል። ሁለቱ ማሳዎች ላይ ያሉ ገበሬዎች ተጣርተው የሚደማመጡ ይመስላል። ለመገናኘት ግን አንዱ ቁልቁል ቆላ ድረስ ወርዶ መልሶ መውጣት አለበት፤ የቀን መንገድ ነው። እኛ ያንን ስንጥቅ ያለፍነው አስተናጋጇ ውሃ አድላ ሳትጨርስ ነው።

ከዚያ ወሎ። የበሽሎ ገደል ሲደርስ ካርታዬን አውጥቼ መቅደላን ፈለግኋት። የበረራው መስመር አምባዋን በጥቂት ኪሎሜትር ብቻ ወደ ቀኝ ትቶ ነው የሚያልፈው። ጠፍጣፋ ራስ ያላቸው ብዙ አምባዎች ስላሉ የትኛዋ እንደሆነች ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ፤ ሳገኛትም ትንሽ ናት። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ያለፉባት ያቺ ታላቅ ስም ከላይ ሲያዩዋት መዳፍ አትሞላም። የእንግሊዙ የናፒየር ጦር ወደዚህች አምባ የመጣው አሁን እኛ ከምንሄድበት በኩል ነው። 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ ከቀይ ባሕር ዳር ከዙላ ተነሣ፤ በሰናፌ፣ በአዲግራት፣ ከመቐለ በስተደቡብ ባለችው ሕንጣሎ፣ በሐሸንጌ አድርጎ ለመድረስ ከሁለት ወር በላይ ፈጀበት። ከዝሆኖቹ ጀርባ ላይ የተጫነው መድፍ ነበር።

በግራ በኩል የተቀመጡት መንገደኞች "ላሊበላ! ላሊበላ!" ማለት ጀመሩ። ከእኛ ወገን ምንም አይታይም። እናታችን ግን መስኮት አልፈለጉም፤ ፊታቸውን ወደ ግራ መልሰው አማተቡ። ከ4,200 ሜትር በላይ የሚረዝመው አቡነ ዮሴፍ ተራራ በዚያው በግራ በኩል በእኛ ልክ የቆመ እስኪመስል ቀርቦ አለፈ።

ሐሸንጌ ሐይቅ ብቅ ሲል ግን ወንበሬ ላይ ተነሥቼ ልቆም ምንም አልቀረኝ። በዚያ ሐይቅ ዳር አንድ ከሰዓት በኋላ ቆሜ አውቃለሁ። በ2002 ዓ.ም. ወደ መቐለ የሄድኩት በአውቶቡስ ነበር። ገና ሳይነጋ ከመስቀል አደባባይ ተነሥተን ቁርስ ደብረ ብርሃን በላን። የጣርማበርን ዋሻ ጨለማ አልፈን፣ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ገብተን፣ ኮምቦልቻና ደሴን ተሻግረን ወልዲያ አደርን። በማግስቱ ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚወጣውን የግራ ካሕሱን ዳገት ስንጀምር ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ድንጋይ ከኋላ እግሩ ሥር ወሸቀ፤ ተሳፋሪውም ድንጋይ ሊፈልግ ተከተለው። አንድ ሽማግሌ ከሁሉ ቀድመው የጠረብ ድንጋይ የመሰለ ታቅፈው መጡና "ይኸ መንገድ ድንጋይ ሳይዙ አይሄዱበትም" አሉ። ጎማው እስኪቀየር ዳቦ ተቆርሶ፣ ቆሎ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። እዚያች ኩርባ ላይ ቁጭ ብዬ ያየሁት የራያ ሜዳ እስካሁን ድረስ አልጠፋኝም፤ ከእግራችን ሥር ተነሥቶ እስከ አፋር ተራሮች የተዘረጋ ነው። ሐሸንጌ ስንደርስ ሾፌሩ ሰው ፊቱን እንዲታጠብ አቆመልን። ማይጨውን፣ አምባላጌንና ዓዲ ጉዶምን አልፈን መቐለ የገባነው በሁለተኛው ቀን ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው።

አሁን ሐሸንጌ ከመስኮቴ ሥር ለሦስት ደቂቃ ያህል ታየ። በጠዋት ፀሐይ ውሃው ነጭ ቆርቆሮ መስሎ ነበር። ግራ ካሕሱ ላይ ያሉት ኩርባዎች ከዚህ ከፍታ ሲታዩ አንድ ሕፃን በእርሳስ የጫጫረው መስመር ናቸው፤ ድንጋይ ያቀፉት ሽማግሌ ከየትኛው ጫፍ እንደቆሙ መገመት አይቻልም። በአየር መሄድ ጊዜ ይሰጣል፣ ያንን ዓይነቱን ሰው ግን ይወስዳል። ሁለቱንም መንገድ ለመሄድ መታደሌን ከዚያ መስኮት ሥር አመሰገንኩ።

ይህንኑ አገር በእግር ያቋረጠው የአድዋ ዘማች ነው። ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወረኢሉ ላይ ሠራዊቱ እየተከማቸ መቐለ ሲደርስ ጥር ሆኗል። ሦስት ወር። በቅሎ ያለው በበቅሎ፣ የሌለው በባዶ እግሩ፣ ስንቁን አህያና ሚስት ተሸክመውለት። እንዳ ኢየሱስ ላይ የመሸገውን የጣሊያን ጦር እቴጌ ጣይቱ ምንጩን በማስያዝ ውሃ አስጠምተው ያስለቀቁት በዚያው ጥር ነው። ይህ ሁሉ ሰው የሄደበትን መንገድ ከላይ በጥር ጠዋት ሳይ ያሰብኩት የመንገዱን ርዝመት አይደለም። ከየገደሉ ግርጌ ወርደው ውሃ እየጠጡ ሲወጡ ምን ይነጋገሩ እንደነበር ነው።

አውሮፕላኑ ዝቅ ሲል የአሸጎዳ ነፋስ ማመንጫዎች ታዩ፤ 84 ናቸው፣ የተመረቁት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ነው፣ አቅማቸውም 120 ሜጋ ዋት ነው። ነጫጭ ክንፎቻቸው በቀስታ ይዞራሉ፤ በሥራቸው በሬ ጠምዶ የሚሄድ ሰው አየሁ። ወዲያው ኲሓ፣ ወዲያው መንደርደሪያው። ጎማው መሬት ሲነካ ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች።

የአሉላን ስም በተሸከመው ማረፊያ ውስጥ ሰው ተቃቅፎ ይቆያል። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ረጅም መተቃቀፍ ከባሕር ማዶ ለመጣ ነው፤ እዚህ ከአዲስ አበባ ለመጣም ነው። በቦታው የነበሩ ሰዎች እስካሁን የሚያወሩት ስለ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመንገደኛ በረራ ያረፈበት ዕለት ማለት ነው። ጥቅምት 23 በፕሪቶሪያ የተፈረመው የሰላም ስምምነት ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። ከአውሮፕላኑ የወረዱ ሰዎች ተንበርክከው መሬት ስመዋል፤ ልጆች ወላጆቻቸውን፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን አቅፈው ወድቀዋል። ያንን አንድ ዓመት ተኩል በምን ኪሎሜትር ይለኩታል? ጥቅምት 12 ቀን 2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ሠራተኞችን የያዘ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ መቐለ ሊያርፍ ሲል፣ ከተማዋ በአየር እየተደበደበች ስለነበር ሳያርፍ ተመለሰ። መንገደኞቹ አንድ ሺህ ኪሎሜትር ገደማ በርረው የወረዱት በተነሡበት ቦታ ላይ ነው።

እናታችንን የልጅ ልጆቻቸው ከበቡዋቸው። ሲለዩኝ ግንባሬን ይዘው "እንቋዕ ብደሓን መጻእካ" አሉኝ፤ የመጣሁት ከእርሳቸው ጋር ሆኖ ሳለ።

ወደ መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሄድኩት ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ነው። የመጣሁበትም ጉዳይ እርሱ ነበር። ያስተናገደችኝ የአንድ ወዳጄ እህት ናት፤ ፓርኩ ከተከፈተ በዓመቱ ገብታ ኦቨርሎክ ማሽን ላይ ስትሠራ ቆይታለች። በር ላይ መታወቂያዬን አስረክቤ ፈቃዱ እስኪመጣ ስቆም እርሷ ከውስጥ ወጥታ "ኣያ፣ እንኳን ደህና መጡ" አለችኝ።

ፓርኩ የተመረቀው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው፤ የኮምቦልቻውም በዚያው ሰሞን ተመርቋል። የሠራው የቻይናው ኮሙኒኬሽንስ ኮንስትራክሽን ኩባንያ ሲሆን 100 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ 15 የማምረቻ ሼዶች አሉት። ሼዶቹ ከደጅ ሲያዩዋቸው ረጃጅምና አንድ ዓይነት ናቸው። የድንጋይ ቤቶቻቸው ማር የመሰለ ቀለም ካላቸው የመቐለ ሰፈሮች ለመጣ ሰው ያ ሁሉ ቆርቆሮ ሌላ አገር ይመስላል። አንዳንዱ ሼድ የማሽን ድምፅ ይሰማበታል፤ አንዳንዱ በሩ ዝግ ነው፣ ከግድግዳው ሥር ሣር በቅሎ ደርቋል።

በገባሁበት ሼድ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። የተቆረጠው ጨርቅ በክር ታስሮ በጥቅል በጥቅል ይመጣል፤ እነርሱ "ባንድል" ይሉታል። እያንዳንዱ ባንድል ላይ ቁጥር ያለባት ቁራጭ ወረቀት አለች። አንዷ ትከሻ ትገጥማለች፣ ቀጥሎ ያለችው አንገት፣ ቀጥሎ ያለችው እጅጌ። የእኔ አስተናጋጅ ጎን ነው የምትዘጋው። ከብብት ጀምራ እስከ ግርጌ በአንድ ትንፋሽ ታወርደዋለች፤ ጨርቁን ዓይኗ አያየውም፣ ጣቷ ነው የሚያውቀው። እያንዳንዱ ሥራ ስንት ሴኮንድ እንደሚወስድ በሰዓት መያዣ ተለክቶ የሰዓቱ ኮታ በሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ልብሱ ከአንዷ ማሽን ወደ ሌላዋ የሚሄደው አንድ ክንድ ያህል ነው። የመስመሩ ጫፍ ላይ ተተኩሶ፣ ታጥፎ፣ በላስቲክ ተከትቶ ካርቶን ውስጥ ይገባል።

ከዚያ በኋላ ነው መንገዱ የሚረዝመው። አንድ የተሰፋ ካናቴራ ከአንገቱ ሥር ያለችውን ምልክት ገልብጣ አሳየችኝ፤ በኢትዮጵያ የተሠራ ይላል። "ይኸ ከእኔ ይልቅ ብዙ አገር ያያል" አለች፣ በጣቷ እየዳሰሰችው። ካርቶኑ በኮንቴይነር ተጭኖ በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ከጅቡቲ ደግሞ በቀይ ባሕርና በስዊዝ በኩል ወደ አውሮፓ። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ብዙ መርከቦች በየመን ዳርቻ ይሰነዘር በነበረ ጥቃት የተነሣ አፍሪካን በደቡብ ጫፍ ዞረው መሄድ ጀመሩ፤ ይህ አሥር ቀንና ከዚያ በላይ ይጨምራል። ገዢው ልብሱን የሚፈልገው ወቅቱ ሳያልፍ ነው። የክረምት ሹራብ በበጋ ቢደርሰው ዋጋ የለውም። ስለዚህ መቐለ ላይ በሴኮንድ የተለካው ሥራ መንገድ ላይ በሚጠፋ ሳምንት ይበላል። አንድ የልብስ ፋብሪካ የሚኖረው ከወደቡ ባለው የቀን ቁጥር ነው፤ ፓርኩን ያቀዱት ሰዎችም ይህን አውቀው ነበር። ከአዋሽ በኮምቦልቻ እስከ ሃራ ገበያ የተጀመረው 390 ኪሎሜትር የሚሆን ሐዲድ፣ ከዚያም እስከ መቐለ የታሰበው መስመር ካርቶኑን ወደ ጅቡቲ እንዲያወርድ ነበር። የመቐለው ክፍል ሳያልቅ ጦርነቱ ደረሰ።

ጦርነቱ ሲነሣ በከተማዋ የነበሩ እንደ ጣሊያኑ ካልዜዶኒያና እንደ ባንግላዴሹ ዲቢኤል ያሉ ፋብሪካዎች ሥራ አቆሙ። ቀጥሎም ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል ወጣች። አስተናጋጄ በዚያ ዘመን ወደ ገጠር ወላጆቿ ዘንድ ሄዳ ነበር። ባንክ ተዘግቶ ስለነበር የቆጠበችው ደመወዝ ደብተሯ ላይ ተጽፎ እያየችው አንድ ብር ማውጣት አልቻለችም። ፓርኩ ከሰላሙ በኋላ ቀስ በቀስ ሲነሣ ከተመለሱት አንዷ ሆነች። የድሮ መስመሯ ላይ ከነበሩት መካከል ግን ያልተመለሱ አሉ። ስማቸውን ዘርዝራልኝ ዝም አለች፤ እኔም አልጻፍኩትም።

ማታ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ከመቐለ ምጽዋ በቀጥታ መስመር 240 ኪሎሜትር ገደማ ናት፤ ጅቡቲ ግን 450። አሥመራ 210 ኪሎሜትር ያህል፤ በኪው 400 ሰላሳ ደቂቃ አይሞላም። በመስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ዛላምበሳ ላይ ድንበሩ ሲከፈት የሃያ ዓመት ናፍቆት አስፋልት ላይ ሲያለቅስ ዓለም አይቷል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ተዘጋ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ የጀመረው በረራም በነሐሴ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ቆመ። ሻይ የቀዳችልን ወይዘሮ ካርታውን አጎንብሳ አየችና አሥመራ ላይ ጣቷን አኖረች። አክስቷ እዚያ አለች። ያን ጊዜ ለመጠያየቅ ሦስተኛ አገር መሄድ ያስፈልግ ነበር። ጣቷን ከአሥመራ ወደ መቐለ ስትስበው የአንድ አውራ ጣት ስፋት እንኳ አልሞላም።

በማግስቱ ሥራ ሲያልቅ አስተናጋጄን ከፓርኩ በር ጠብቄ አብሬያት በእግር ሄድኩ። ቤቷ አርባ ደቂቃ ያስኬዳል። ሰርቪስ የሚያገኙ አሉ፤ እርሷ ግን መሄድ እወዳለሁ ትላለች፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ስለምትውል። ሴቶቹ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው በመንገዱ ዳር ይሄዳሉ። አንዳንዱ ቀሚስ ላይ የክር ቁርጥራጭ ተጣብቆ ቀርቷል። ፀሐይ ከእንዳ ኢየሱስ ጀርባ እየወረደች ነበር፤ ድንጋዩ ሁሉ ቀላ።

ከደቡብ በኩል የሞተር ድምፅ ሲሰማ እርሷ ከእኔ ቀድማ ቆመች። አንገቷን ቀና አድርጋ ፈለገች። ሌሎቹም ቆሙ፤ አንዲት ከፊታችን የምትሄድ ልጅ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ወደ ሰማይ ታያለች።

"ያን ጊዜ" አለችኝ፣ "ድምፁን ስንሰማ ሮጠን ወደ ውስጥ ነበር የምንገባው። ታናሽ ወንድሜ አልጋ ሥር ይገባል። አሁንም እግሬ ይነሣል፣ ኣያ። ቆሜ ሳየው ነው የሚረጋልኝ።"

አውሮፕላኑ ከአሸጎዳ ወገን ታየ፤ መብራቱን አብርቷል፣ ጎማውን አውጥቷል። የአየር መንገዱ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጭራው ላይ እስኪለይ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ሰዓት አየች።

"የማታው ነው" አለች፤ "ዛሬ በሰዓቱ መጣ።"

መንገዳችንን ቀጠልን።